አመለኛ እጅ፣ አዲስ ሰርቨር፦ ከሴንትኦኤስ 7 ወደ ሮኪ 9 የተሻገርኩበት መንገድ

ሰኞ ጠዋት ነው። ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና ሴንትኦኤስ 7 የሚባለው ሊነክስ በተጫነበት ሰርቨሬ ላይ አንድ ትንሽ ፓኬጅ (ፕሮግራም) ለመጫን «ያም ኢንስቶል» ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩ የሚረር ሊስቱን፣ ፓኬጆች የሚወርዱባቸውን ቦታዎች ዝርዝር፣ አድራሻ ማግኘት አልቻልኩም አለኝ። ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው ብዬ ደመደምኩ። ኮንፊግ ፋይሉን ከፈትኩ፣ ቀየርኩ፣ መለስኩ። ፋየርዎሉን ጠረጠርኩ። ኢንተርኔት አቅራቢውን ጠረጠርኩ፤ ደውዬም ጨቀጨቅኩ። የነቃሁት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ዲኤንኤሱ ምንም አልሆነም። የጠፋው አድራሻው ራሱ ነው።

የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2024። ከዚያ በኋላ የሚረር ሊስቱ አድራሻ ተነሳ፣ ፓኬጆቹም «ቮልት» ወደሚባለው ማህደር ገቡ። ቀኑን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። ካላንደሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ግን እየሠራ ያለ ሰርቨር ማን ይነካል? ያ ማሽን እኔ ዘንድ ስምንት ዓመት ሠርቷል። አንዴም አሳፍሮኝ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው አሁንም ሴንትኦኤስ 7 ላይ ለተቀመጣችሁ ነው። በየሄድኩበት ሰርቨር ክፍል አያችኋለሁ። ትእዛዞቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው የምጽፋቸው፤ ኪቦርድ ላይ እንዴት እንደሚጻፉ እናንተም እጃችሁም ታውቃላችሁ።

የዚያን ቀን ቮልቱን ጠቁሜ ፓኬጄን ጫንኩና ተገላገልኩ። ይህ ግን ማምለጫ ብቻ ነው። ቮልት ውስጥ አዲስ የደህንነት ጥገና አይገባም። ስለዚህ መሻገሩ ግድ ሆነ። ከሁለቱ ተተኪ ሊነክሶች ሮኪ ወይስ አልማ በሚለው ላይ ብዙ አልተጨነቅኩም። ሁለቱም ከሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊነክስ ጋር አብረው የሚሄዱ ናቸው። ሁለቱም የመጡት የሴንትኦኤስ 8 ዕድሜ በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ እንዲያበቃ ከተወሰነ በኋላ ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሮኪን ቀድማ ስለምታውቀው ሮኪ 9 ሆነ። ድጋፉ እስከ 2032 ይዘልቃል። አሮጌውን ማሽን እዚያው ላይ ማሻሻልም ይቻል ነበር። ግን ከ7 ወደ 9 በአንድ ዝላይ አይኬድም፣ 8ን መርገጥ የግድ ነው። የስምንት ዓመት ኮተቴን ተሸክሜ መሄድም አልፈለግኩም። አዲሱን አጠገቡ ተክዬ ሥራውን አንድ በአንድ አዛወርኩ።

አሁን መለስ ብዬ ሳየው፣ ጮኸው የወደቁት ነገሮች አልጎዱኝም። ትእዛዙ የለም ከተባልኩ ፈልጌ አገኘዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ ነው። የጎዳኝ የድሮውን ልማዴን እሺ ብሎ ተቀብሎ፣ ምንም ሳይል ሌላ ነገር የሚሠራው ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ሰርቨር ላይ አይሠራም።

የመጀመሪያው ችግር እንኳ ደግነቱ ጮኸ። ቨርቹዋል ማሽን ፈጠርኩ፣ የሮኪ 9ን መጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) አስገባሁ፣ አስነሳሁት። ጥቂት መስመር ከጻፈ በኋላ ከርነል ፓኒክ፤ ሲስተሙ ገና ሳይነሳ ወደቀ። ከፓኒኩ በላይ ያለው መስመር ሲፒዩው «ኤክስ86-64-ቪ2»ን አይደግፍም ይላል። ሰርቨራችን ይህን ያህል አርጅቶ ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ብረቱ ደህና ነው። 9 ከቀድሞዎቹ ከፍ ያለ የሲፒዩ ደረጃ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ከዓመታት በፊት ለሁሉም ቨርቹዋል ማሽኖች በጣም መሠረታዊውን የሲፒዩ ዓይነት መርጬ ትቼዋለሁ። የሲፒዩውን ዓይነት ወደ «ሆስት» ቀየርኩት፤ ወዲያው ተነሳ። ቀጥሎ ያጋጠመኝ ሩት (የሁሉ የበላይ ተጠቃሚ) ሆኜ ከሩቅ በኤስኤስኤች በፓስወርድ መግባት አለመቻሌ ነው። 9 ላይ ይህ ከመነሻው ዝግ ነው። ሲጫን አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ መክፈት ይቻላል፤ ልጅቷ ግን እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ስንት ሰው ያንን ፓስወርድ እንደሚያውቀው ቆጥረው ያውቃሉ?» አለችኝ። ቆጠርኩ። ሁለቱ ሥራ ከለቀቁ ቆይተዋል። እያንዳንዳችን በየስማችን ገብተን የሩት ሥራ ሲኖር ሱዱ መጠቀም ጀመርን፣ ቁልፍም አወጣን።

አሁን ወደ ቃሊቲው ጉዳይ ልምጣ።

ቃሊቲ ቅርንጫፋችን አንድ ሰርቨር አለ። ቨርቹዋል አይደለም፣ እውነተኛ ብረት ነው፤ ኮንሶሉን ከሩቅ ማየት አይቻልም። እኔ የምቀመጠው ሜክሲኮ ነው። የአይፒ አድራሻውን ልቀይር ፈለግኩ። እጄ በቀጥታ የሄደው ሲስኮንፊግ ስር ወዳለው የድሮው የኔትወርክ ማህደር፣ ኔትወርክ-ስክሪፕትስ ነው። ባዶ ነው። «ፋይሎቹ ሌላ ቦታ ናቸው» የምትል አንዲት የማስታወሻ ፋይል ብቻ ተቀምጣለች። እሺ ብዬ ወደተጠቆምኩት የኔትወርክማናጀር ሲስተም-ኮኔክሽንስ ማህደር ሄድኩ። ከሌላ ማሽን አንድ ፋይል ቀዳሁ፣ አድራሻውን ቀየርኩ፣ የድሮውን ፋይል ሰረዝኩ። ለማረጋገጥ ደግሞ ሪቡት አደረግኩት። የእኔ ትውልድ በሪቡት ያምናል።

አልተመለሰም።

ታክሲ ይዤ ወረድኩ። በዚያ ትራፊክ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ስደርስ ሰርቨሩ በሰላም እየሠራ ነው፣ አድራሻ ብቻ የለውም። ለሥራ ባልደረባዬ ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ ጆርናሉ ምን ይላል?» የሲስተሙን መዝገብ ማለቷ ነው።

«ምን ይላል! ኔትወርክ የለም ነው የሚለው።»

«እስቲ የፋይሉን ፈቃድ ይዩልኝ።»

አየሁት፤ 644 ነው፣ ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል። እኔ እንደማውቀው ምንም ነውር የለውም።

«600 ያድርጉትና ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሪሎድ ይበሉ። ከዚያ አፕ።»

በሦስት መስመር አለቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ፋይሎች ውስጥ የዋይፋይና የቪፒኤን ፓስወርድ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከሩት ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል ፋይል ከሆነ ኔትወርክማናጀር አይቀበለውም። ጆርናሉን ቀስ ብዬ ሳነበው መስመሩ እዚያው ተጽፏል። ስክሪን ላይ ግን ማንም ምንም አላለኝም። በፋንታው በኔትወርክማናጀር የራሱ ትእዛዝ፣ በኤንኤምሲኤልአይ፣ ሞዲፋይ ብዬ ቢሆን ፈቃዱን ራሱ ያስተካክለው ነበር። በእጅ ፋይል የመጻፍ አመሌ ነው ታክሲ ያስከፈለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሩቅ ያለ ማሽን ኔትወርክ ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። የድሮውን ፋይል የሚመልስና ግንኙነቱን እንደገና የሚያነሳ አጭር ስክሪፕት እጽፋለሁ። በ«ሲስተምዲ-ረን» ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲሠራ አዝዛለሁ። ከዚያ ነው ለውጡን የማደርገው። ሁሉ ደህና ከሆነ ቀጠሮውን እሰርዛለሁ፤ ከተበላሸ 10 ደቂቃ ሻይ እጠጣለሁ።

የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል እንደሚነካ የሚቆጣጠረውን ዘብ፣ ኤስኢሊነክስን፣ በተመለከተ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ሴንትኦኤስ ላይ አዲስ ሰርቨር ስተክል መጀመሪያ የማደርገው ኮንፊጉን ከፍቶ «ዲሴብልድ» ማለት ነበር። ለምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ፤ የቀደመኝ ሰው እንደዚያ ስላሳየኝ ነው። 9 ላይም ፋይሉ ያንን ቃል ይቀበላል። ግን እንደ ድሮው ጨርሶ አይጠፋም፤ ከርነሉ ኤስኢሊነክስን ይዞ ይነሳል፣ የሚጭነው ፖሊሲ ብቻ ነው የሚያጣው። እውነት ማጥፋት የፈለገ ከርነሉ የሚነሳበት መስመር ላይ መጻፍ አለበት። ይህን ሳነብ እዚህ ድረስ ከተለፋበት ይሁን ብዬ እንደበራ ተውኩት።

በማግስቱ ዌብሳይቱ 403፣ ማለትም መግባት ክልክል ነው፣ አለ። የፋይሎቹ ባለቤት ትክክል ነው፣ ፈቃዳቸው ትክክል ነው፣ አፓቺ እየሠራ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። ምክንያቱ ፋይሎቹን መጀመሪያ ሆም ላይ አውርጄ በ«ኤምቪ» ወደ ቫር ስር ወዳለው የዌብ ማህደር ማዛወሬ ነው። ኤምቪ ፋይሉን ከነኤስኢሊነክስ መለያው ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ፋይሉ ዌብ ማህደር ውስጥ ተቀምጦ መለያው አሁንም «የሰው ቤት ፋይል» ይላል። አፓቺ ደግሞ የሰው ቤት አይገባም። በ«ሲፒ» ብቀዳው ኖሮ የደረሰበትን ቦታ መለያ ይይዝ ነበር። መለያውን ለማየት ኤልኤስ ላይ ትልቁን ዜድ መጨመር ነው። ለማስተካከል «ሬስቶርኮን»፤ ሌላ የለም። ከተለመደው ውጭ የሆነ ማህደር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በ«ሴማኔጅ» ማስመዝገብ፣ ከዚያ ሬስቶርኮን። አሁን ምክንያቱ ያልገባኝ ክልከላ ሲገጥመኝ ኮንፊግ ከማገላበጤ በፊት «ኤዩሰርች» ላይ ኤቪሲ የሚለውን፣ የኤስኢሊነክስን የክልከላ መዝገብ፣ እፈልጋለሁ። ማን ማንን ከለከለ የሚለው እዚያ በግልጽ አለ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ባክአፑ ነው።

የባክአፕ ስክሪፕቴ ማታ ማታ ዳታቤዙን አውጥቶ ወደ አንድ ያረጀ የማከማቻ ሳጥን በፋይል መላኪያው ኤስሲፒ ይልካል። ከአሮጌው ማሽን እንዳለ ቀዳሁት፣ ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው ክሮን ላይ አስገባሁት። አልሞከርኩትም። ስምንት ዓመት የሠራ ስክሪፕት ምን ይሞከራል? ካልሠራ ክሮን ኢሜይል ይልክልኛል፤ ኢሜይል ካልመጣ ሰላም ነው። እንዲህ ነበር ሳስብ የኖርኩት።

አንድ ቀን ከፋይናንስ ተደወለ፤ አንድ መዝገብ በስህተት ተሰርዟል። አይዟችሁ፣ ባክአፕ አለ አልኩ። ሳጥኑን ከፈትኩት። የመጨረሻው ፋይል የ11 ቀን ዕድሜ አለው። ላብ አጠመቀኝ። እግዚአብሔር ይመስገን መዝገቡ የቆየ ስለነበር እዚያው አሮጌው ቅጂ ውስጥ ተገኘ። እነሱ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ምን ሆኖ ነው? ሦስት ነገር ተደራርቦ።

ሴንትኦኤስ 7 ላይ ኢሜይል የሚልከው ፖስትፊክስ አብሮ ይጫን ነበር፤ ሮኪ 9ን አነስተኛውን ስትጭኑ የለም። ክሮን ኢሜይል መላኪያ ሲያጣ ውጤቱን ወደ ሎግ ይጥላል። ስህተቱ 11 ሌሊት ሙሉ ተጽፏል፣ እኔ በማላይበት ቦታ።

ስህተቱ ራሱ «ኤረር ኢን ሊብክሪፕቶ» ይላል። ሳጥኑ አሮጌ ስለሆነ የኤስኤስኤች ማንነቱን የሚያረጋግጠው ሻ-1 በሚባለው የቆየ ፊርማ ነው። 9 ደግሞ ሻ-1 ፊርማን በሲስተሙ ሁሉ ከልክሏል። በየቦታው የሚሰጠው ምክር ኤስኤስኤች ኮንፊግ ላይ የድሮውን የቁልፍ ዓይነት ጨምር የሚል ነው። ጨመርኩ፤ አልሠራም። ምክንያቱም ክልከላው ያለው ከኤስኤስኤች በታች፣ ምስጠራውን በሚሠራው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ነው። የሠራው «አፕዴት-ክሪፕቶ-ፖሊሲስ» ብሎ «ዲፎልት»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ሻ1» ማለት ነው። አደራ፣ ይህን ሁሉም ሰርቨር ላይ እንዳታደርጉት። እኔ ያደረግኩት ያችን ሳጥን በምታናግረው አንዲት ማሽን ላይ ብቻ ነው።

ግንኙነቱ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ኤስሲፒ እምቢ አለ። የ9 ኤስሲፒ ስሙ እንጂ ውስጡ ተቀይሯል፤ ፋይል የሚልከው በሌላ ዘዴ፣ በኤስኤፍቲፒ ነው። ሳጥኑ ኤስኤፍቲፒ አያውቅም። ኤስሲፒ ላይ ትልቁን ኦ ስትጨምሩ በድሮው መንገድ ይልካል። ይህችን አንድ ፊደል ለማግኘት አንድ ከሰዓት ሄደ።

ስክሪፕቱን ከክሮን አውጥቼ ወደ ሲስተሙ የራሱ ቀጠሮ ያዥ፣ ወደ ሲስተምዲ ታይመር ያዛወርኩት በዚህ ቂም ነው። ሁለት ፋይል መጻፍ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ ይሰለቻል፤ ለክሮን አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ግን ሁለት ነገር አገኘሁበት። አንዱ፣ ሥራው ሲወድቅ የወደቀ ተብሎ ይመዘገባል። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የምጽፈው «ሲስተም ሲቲኤል» ከ«ፌይልድ» ጋር ነው፤ ባዶ ከሆነ ቡናዬን እጠጣለሁ። ሌላው «ፐርሲስተንት» የምትባለዋ መስመር ናት። መብራት ጠፍቶ፣ ዩፒኤሱ አልቆ፣ ጀነሬተሩ አልነሳ ብሎ ሰርቨሩ በባክአፑ ሰዓት ዝግ ከነበረ፣ ሲነሳ ያመለጠውን ሥራ ይሠራል። ክሮን ግን ያለፈው አለፈ ነው የሚለው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ይህች መስመር ብቻዋን ድካሙን ትክሳለች። በነገራችን ላይ ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት ይሁን ብዬ አንድ ልጅ አዘዝኩ፤ 8 ብሎ ጻፈው። ሰርቨሩ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው። ሰው ሁሉ ሥራ በሚገባበት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዳታቤዙ ይንፏቀቅ ጀመር።

መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ ጆርናሉን ከመጀመሪያው ቀን ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉት። 9 ላይ ሳትነኩት የተተወ ጆርናል ሚሞሪ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሪቡት ሲሆን ይጠፋል። ቫር ሎግ ስር «ጆርናል» የሚባል ማህደር መፍጠርና የጆርናል አገልግሎቱን ሪስታርት ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በ«ጆርናል ሲቲኤል» ያለፈውን ቡት ጠርታችሁ ማሽኑ ከመውደቁ በፊት ምን ሲል እንደነበር ታያላችሁ። ቫር ሎግ መሴጅስ አሁንም አለ፣ ግን አንድን ቡት ለይቶ እንደዚህ አያሳያችሁም።

ዳታቤዙን ሳዛውር ደግሞ የአማርኛው ነገር ገጠመኝ። ማሪያዲቢ 5.5 ላይ የነበረውን አውጥቼ 10.5 ላይ አስገባሁ። ስህተት የለም። የረድፎቹ ቁጥር እኩል ነው። ፕሮግራሙን ስከፍተው የደንበኞቹ ስም ሁሉ ትርጉም የለሽ የፈረንጅ ፊደል ሆኗል። የድሮው ዳታቤዝ ቴብሎቹን የፈጠረው የፈረንጅ ፊደል ብቻ በሚያውቀው ላቲን1 ነው፤ ያኔ የነበረው ነባሪ እሱ ነው። ድሮ ፕሮግራሙም ዳታቤዙም በላቲን1 ስለሚነጋገሩ ባይቶቹ ሳይነኩ ገብተው ሳይነኩ ይወጡ ነበር፤ ማንም አላወቀም። አንድ የአማርኛ ፊደል የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው። «አበበ» የሚለው ስም ለዳታቤዙ ዘጠኝ የላቲን ፊደል ነበር ማለት ነው። እኔ ሳወጣው የማውጫው ፕሮግራም እነዚያን ዘጠኝ ፊደሎች አንድ በአንድ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀየራቸው። በሁለት እጥፍ ተቀየረ። መድኃኒቱ ሲወጣ በላቲን1 ማውጣትና «ሴት ኔምስ» የሚለውን መስመር እንዳይጽፍ ማድረግ ነው። ከዚያ ፋይሉ ውስጥ ቴብሎቹ በላቲን1 ይፈጠሩ የሚለውን በዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 ተክቶ በዚያው ማስገባት። መጀመሪያ በአንድ ቴብል ሞክሩት፤ ቁጥር ቆጥራችሁ ብቻ አትርኩ፣ አንድ ሰው ስም አንብቡ።

ፋየርዎሉ ብዙ አላስቸገረኝም። 7 ላይ ፋየርዎልዲን አጥፍቼ አይፒቴብልስ ነበር የምጠቀመው። አሁን ከስር ያለው ኤንኤፍቴብልስ ስለሆነ ተስፋ ቆርጬ ፋየርዎልዲን ተማርኩ። «ፐርማነንት» ብላችሁ የጻፋችሁት ሪሎድ እስክትሉ አይሠራም፤ ሳትሉ የጻፋችሁት ደግሞ ሪቡት ሲሆን ይጠፋል። እሱን ካወቃችሁ ይበቃል። ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒዲም የለም፣ ክሮኒ ነው፤ እሱም ሳይነካ ይሠራል።

ለጣቶቼ ደግሞ ወጥመድ አጠመድኩላቸው። «አይኤፍኮንፊግ» ብዬ ስጽፍ ትእዛዙ በመሥራት ፋንታ «ጋሼ፣ አይፒ ኤ ይበሉ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አሊያሱን የጻፈችው ልጅቷ ናት። «ሰርቪስ ኔትወርክ ሪስታርት» ላይ ያስገባችውን እዚህ አልጽፈውም።

አሮጌው ማሽን ኔትወርኩ ተነቅሎ ለሦስት ወር ከቆየ በኋላ ጠፍቷል። የማከማቻ ሳጥኗ እንድትቀየር ጥያቄ አስገብቼ ግዢ ክፍል ጋ ነው ያለው። ስትቀየር ያንን የሻ-1 ፈቃድ መልሼ እዘጋዋለሁ፤ ሞኒተሬ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፌ አስታውሳለሁ።